መዋጮው ግዴታ ከሆነ መድኃኒቱም ግዴታ ይሁን

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለገንዘብ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮን፣ የአባልነት ግዴታንና ለጤና ተቋማት የሚፈጸመውን ክፍያ ይመለከታል

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚያዋጣው ከ200 ብር በታች ነበር። ዛሬ በበርካታ አካባቢዎች መዋጮው 1 ሺህ ብርን አልፏል። ብር ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደረከሰ ስለምናውቅ ጭማሪው ብቻውን አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው በየእድሳቱ መዋጮው ሲያድግ በፋርማሲው መስኮት የሚወጣው መድኃኒት አብሮ አለማደጉ ነው።

አባልነት ግዴታ ይሁን መባሉን አንቃወምም። ያለ ግዴታ መድን ውሎ አድሮ ራሱን ይበላል፤ ከዚህ በታች በስሌት እናሳያለን። ነገር ግን ግዴታው የሚጸናው በአባሉ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቤተሰቡ በቀኑ እንዲከፍል እየተገደደ ቋቱ (መዋጮው የሚጠራቀምበት የመድን ገንዘብ) ለጤና ጣቢያው በቀኑ የመክፈል፣ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት የማቅረብ ግዴታ ከሌለበት፣ ነገሩ መድን መሆኑ ይቀርና ሌላ ስም የወጣለት ግብር ይሆናል።

በመጀመሪያ ስሌቱ። 20,000 ቤተሰብ ያለበትን አንድ ወረዳ እናስብ (ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለማስላት እንዲመቹ ነው እንጂ የአንድ ወረዳ መረጃ አይደሉም)። በ3,000ው ቤት የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ታማሚ አለ እንበል። ታማሚ ያለበት ቤት ቋቱን በዓመት 4,000 ብር፣ ሌላው ቤት 700 ብር ያስወጣዋል። ሁሉም ከገባ ጠቅላላ ወጪው 23.9 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለአንድ ቤት 1,195 ብር ይደርሰዋል። አባልነቱ በፈቃድ ሆኖ 9,000 ቤት ብቻ ቢመዘገብስ? ታማሚ ያለበት ቤት አይቀርም፤ የሚቀረው ጤነኛው ነው። ወጪው 16.2 ሚሊዮን፣ የአንዱ ቤት ድርሻ 1,800 ብር ይሆናል። መዋጮው 1,800 ሲባል ደግሞ ሌላ 3,000 ጤነኛ ቤት ይወጣና ድርሻው 2,350 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ጉድለትን መዋጮ በመጨመር ብቻ ለመሙላት የሚሞክር ወረዳ ጉድለቱን ራሱ እያሰፋው ነው። ግዴታነትን የምንደግፈውም ለዚሁ ነው፤ ጤነኛው ሲቀር የታማሚ ጎረቤቱ መዋጮ ይወደዳል።

ጤነኛው ለምን ይቀራል የሚለውን ግን ‹ግንዛቤ ስለሌለው› ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ግንዛቤ ከበቂ በላይ አለ። ገበሬው ዕድር ያውቃል፤ ሳይሞትበት ለዓመታት ያዋጣል፤ ምክንያቱም ሞት በመጣ ቀን ድንኳኑ እንደሚተከል፣ ንፍሮው እንደሚቀቀል አይጠራጠርም። የዕድር ዳኛ ‹ድንኳኑ የለም፣ ከሌላ ተከራዩ› ብሎ ለቀስተኛ አይመልስም። የመድን አባል ግን ይህንኑ ይሰማል።

እንዴት እንደሚሰማ ለማየት አንዲት የማዘዣ ወረቀት እንከተል። ሐምሌ 5 አንዲት የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ካርድ ክፍል የመድን መታወቂያቸውን አይቶ ያስተናግዳቸዋል፤ ባለሙያው ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ያዝላቸዋል። ፋርማሲው ሜትፎርሚኑን ይሰጣል፤ ኢናላፕሪሉ ላይ ‹የለም› የሚል ማኅተም ያርፍና ወረቀቱ ይመለስላቸዋል። ሁለተኛውን ከግል መድኃኒት ቤት በኪሳቸው ይገዛሉ። አንዳንድ ወረዳ ማኅተሙን አይቶ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ሌላው አይመልስም። የሚመልሰውም ቢሆን ደረሰኝ፣ ማዘዣና የመታወቂያ ቅጂ ይዞ ወረዳ ከተማ ድረስ መመላለስን ስለሚጠይቅ የትራንስፖርቱ ወጪ ከመድኃኒቱ ይበልጣል።

አሁን የተሰጠውን የሜትፎርሚን ዋጋ እንከተል። ጤና ጣቢያው በአባልነት ቁጥራቸው መዝግቦ ይይዘዋል። ሩብ ዓመቱ መስከረም 30 ይዘጋል። ጥቅምት ላይ የክፍያ ጥያቄው ከነማዘዣዎቹ ተጠርዞ ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እዚያ በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወረቀቱን አንድ በአንድ ያያሉ፦ የአባልነት ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ? ፊርማና ቀን አለው ወይ? ዋጋው ጽሕፈት ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጋር በተፈራረመው ውል ካለው ዝርዝር ጋር ይስማማል ወይ? መድኃኒቱ ከተጻፈው በሽታ ጋር ይሄዳል ወይ? አንድ አሃዝ የተሳሳተበት፣ ፊርማ የተረሳበት ተመልሶ ይላካል። ኅዳር በዚህ ያልቃል። ሁሉም ቀና ከሆነ ክፍያው ታኅሣሥ ላይ ይገባል፤ የሐምሌ 5ቱ መድኃኒት የተከፈለው በአምስተኛው ወር መሆኑ ነው። መዋጮው ገና ካልተሰበሰበ ወይም ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ከዘገየ ግን ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

በእነዚያ አምስት ወራት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው ከተዘዋዋሪ ፈንዱ ነው። ተዘዋዋሪ የተባለው ሽያጩ ተመልሶ እንዲገዛ ነው፤ ካልተመለሰ አይዞርም። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ መድኃኒታችን በብዛት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በአሮጌ ዋጋ የተሰጠው በአዲስ ዋጋ ነው የሚተካው። ያኔ 100 ፓኮ የገዛ ገንዘብ ዘግይቶ ሲመለስ 100 ፓኮ አይገዛም። መደርደሪያው የሚራቆተው በዚህ መንገድ ነው። የተራቆተ ጤና ጣቢያ ደግሞ በእጁ ለቀረው ጥቂት መድኃኒት ጥሬ ገንዘብ የያዘውን ሲያስቀድም አይገርመንም፤ ነውርነቱ ግን አይካድም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የክፍያ ጥያቄው በሩብ ዓመት ሳይሆን በየወሩ ይቅረብ። ጥያቄው በገባ በ10 ቀን ውስጥ ከተጠየቀው 60 በመቶ በቅድሚያ ይለቀቅ፤ ቀሪው ከምርመራ በኋላ በ30 ቀን ይጠናቀቅ። ወረቀቱን ሁሉ መመርመርም ይቅር። ከየጤና ጣቢያው ጥያቄ በዕጣ 10 በመቶውን አውጥቶ በጥንቃቄ መርምሮ፣ የተገኘውን የስህተት መጠን በጠቅላላው ላይ ማሰላት ይቻላል፤ በናሙናው 4 በመቶ ያለአግባብ የተጠየቀ ከተገኘ ከጠቅላላው 4 በመቶ ይቀነሳል። ይህ ሲሆን መዝጋቢው ቁጥር በጥንቃቄ መጻፍ ይጀምራል፤ የአንዷ ወረቀት ስህተት ብዙ ወረቀት ታስቀንሳለችና። ደጋግሞ ያጠፋ ተቋም በሚቀጥለው ወር ሙሉ ምርመራ ይግባበት።

‹የለም› የተባለውን መድኃኒት በተመለከተ፣ በውሉ ላይ አጭር ዝርዝር ይለጠፍ፤ 30 ያህል መድኃኒቶች ይበቃሉ። በዝርዝሩ ያለ መድኃኒት ከጠፋ አባሉ ውል ካለው ሌላ መድኃኒት ቤት፣ አዲስ አበባ ከሆነ ከከተማው አስተዳደር የከነማ መድኃኒት ቤቶች፣ ያለ ክፍያ ይውሰድ፤ ሒሳቡ ከጤና ጣቢያው ክፍያ ይቀነስ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ‹ዋናው አቅራቢ ራሱ የለውም እኮ› እንደሚሉ እናውቃለን፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ‹የለም› የሚል ደብዳቤ ያቀረበ ጤና ጣቢያ አይቀነስበት፤ ወጪውን ቋቱ ይሸከም። ደብዳቤ ያልጠየቀ ግን ይቀነስበት።

ወደ መዋጮው መጠን እንመለስ። የሚያስቸግረው መዋጮው በአንድ ጊዜ ከባድም ትንሽም መሆኑ ነው። 1,200 ብር፣ የፌዴራል መንግሥት በአባላት መዋጮ ላይ የሚጨምረው 10 በመቶ ጠቅላላ ድጎማ ሲታከልበት፣ 1,320 ብር ይሆናል። አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 264፣ በወር 22 ብር ነው። በወር 22 ብር ተመላላሽ ሕክምና፣ ተኝቶ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት እንዲሸፍን ነው የምንጠብቀው። በሌላ በኩል ይኸው 1,200 ብር ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ሰው አንዴ አምጣ ሲባል ከጎተራው ጤፍ ማውጣት ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ‹መዋጮው ይጨመር› እና ‹መዋጮው ይቀነስ› የሚሉት ሁለቱም ክርክሮች የትም አያደርሱም። መልሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነውን መዋጮ ማፍረስ ነው። ሁለት በሬ ያለውና ሱቅ የከፈተው፣ የሰው መሬት በእኩል ከሚያርሰው ጋር እኩል የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ሩዋንዳ በፈረንጆች 2011 መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፍላ ለአንድ ሰው 2,000፣ 3,000 እና 7,000 ፍራንክ አደረገችው፤ የዝቅተኛውን መንግሥት ከፈለ። እኛ ዘንድ የመሬት ግብር መዝገብና የንግድ ፈቃድ ደረጃ በየወረዳው ስላሉ ሦስት እርከን ለማውጣት አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የሚከፈልበት ጊዜም ገቢን ይከተል፤ ለአራሹ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በሁለት ጊዜ፣ ለከተማ የቀን ሠራተኛ በወር 100 ብር በቴሌብር።

መክፈል የማይችሉትን በሚመለከት፣ የመዋጮአቸውን 70 በመቶ ክልሉ፣ 30 በመቶ ወረዳው ይሸፍናል። አሠራሩ ለወረቀት ያምራል። ይሁን እንጂ ወረዳው በጻፈው በእያንዳንዱ ስም ከራሱ በጀት ስለሚወጣ፣ የድሃው ቁጥር የሚወሰነው በድህነት ሳይሆን በበጀት ኮታ ነው። ቀበሌው 200 ሰው ለይቶ ያቀርባል፤ በጀቱ ለ90 ይበቃል፤ ይኸን ጊዜ ‹ማጣራት› ይጀመራል። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ያሉ (መሥራት ስለማይችሉ ያለ ሥራ የሚረዱ) ቤተሰቦች ሌላ ማጣራት ሳያስፈልግ በቀጥታ ይመዝገቡ፤ ክፍያቸውም በወረዳ በጀት መሆኑ ቀርቶ በክልልና በፌዴራል ይሸፈን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከመዋጮ ብቻ እንደማይመጣ ከላይ ያለው 22 ብር ይነግረናል። ጋና በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣችው ሕግ ለጤና መድኗ 2.5 በመቶ ቀረጥ መድቧል፤ የድጎማው ምንጭ በሕግ ተለይቶ ታወቀ። ገንዘብ ሚኒስቴርን በግልባጭ ያካተትነው ለዚህ ነው። በሙከራው ዘመን 25 በመቶ የነበረው ጠቅላላ ድጎማ ወደ 10 በመቶ የወረደው አባሉ እየበዛ በሄደበት ጊዜ ነው፤ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነበር።

የቋቱ ስፋትም አለ። አንድ ወረዳ ብቻውን ቋት ሲሆን አንድ ወረርሽኝ ወይም ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የተላኩ ጥቂት ከባድ ሕሙማን ያናጉታል። ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ማሳደጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተቀማጭ ያላቸው ወረዳዎች ‹የእኛ ቁጠባ የሌላውን ዝርክርክነት ሊሸፍን ነው› ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ከመዋጮው የተወሰነው ለጤና ጣቢያ ደረጃ ሕክምና በወረዳው ይቅር፤ የሆስፒታሉ ወጪ ብቻ ወደ ላይኛው ቋት ይውጣ። አሮጌው ተቀማጭ ደግሞ ሳይነካ ለዚያው ወረዳ ይጠበቅ።

ስለ መንግሥት ሠራተኛው ብዙ አንልም። ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ወዲህ ትግበራው ስንት ጊዜ እንደተራዘመ መሥሪያ ቤታችሁ ከእኛ በላይ ያውቃል። ከደመወዝ 3 በመቶ ማለት 10,000 ብር ለሚያገኝ በወር 300፣ በዓመት 3,600 ብር ነው፤ አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምራል። ይህ ሠራተኛ ከፍሎ የሚቆመው ገበሬው በቆመበት በዚያው የፋርማሲ መስኮት ፊት ነው። ሠራተኛው በዚህ መድን ላይ ያለውን ተቃውሞ በደመወዝ ማነስ ብቻ የተረጎመ ግማሹን ነው የሰማው።

በመጨረሻም ግዴታው እንዴት ይፈጸም የሚለው። የማዳበሪያ ወረፋን፣ የመታወቂያ እድሳትን ወይም የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤን ከመዋጮ ደረሰኝ ጋር ማሰር ገንዘብ ያስገኛል፤ አባል ግን አያስገኝም፤ ሰውየው ከፍሎም አይታከምም። ግዴታው ቅድሚያ መስፈርቱን ባሟሉ ወረዳዎች ይጀመር፦ ያለፉት ሁለት ሩብ ዓመታት ክፍያ በጊዜው የተፈጸመበት፣ ከ30ው መድኃኒት 27ቱ በተከታታይ ሦስት ወር የተገኘበት። ያላሟላ ወረዳ አስተዳደር መዋጮ መጨመርም አይፈቀድለት። የየሩብ ዓመቱ ሒሳብ፣ የተሰበሰበው፣ የተከፈለው፣ ያልተከፈለው ዕዳ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ፣ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ከመሥሪያ ቤታችሁ የምንጠይቀው ሁለት ጽሑፍ ነው። አንደኛው፣ የወረዳ መድን ጽሕፈት ቤቶች ከጤና ተቋማት ጋር በሚፈራረሙት የውል ናሙና ላይ የክፍያ ቀን ገደብና የዘገየበት ቅጣት የሚገባበት አንቀጽ። ሁለተኛው፣ ‹የለም› የተባለ መድኃኒት እንዴት እንደሚተካ የሚገልጽ፣ ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት የሆነ መመሪያ። ሁለቱም ከሚቀጥለው የታኅሣሥ እድሳት በፊት ሊወጡ ይችላሉ፤ የአባሉ መታወቂያ ጀርባ ላይም በሦስት መስመር ሊታተሙ ይችላሉ። የጽሑፍ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር