ከበራችን ጀምረሽ ጻፊልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቶሮንቶ በረዶ ገና አልለቀቀንም።

ባለፈው በስልክ «እንግሊዝኛ ሳነብ ይገባኛል፣ ልናገር ስል ግን ይጠፋብኛል» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔም እዚህ የማታ ትምህርት ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን አስተማሪዋ «በደንብ የምታውቁትን ቦታ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አለችን። እጄ ቀጥታ ጣና ሄደ።

«ዜር ኢዝ ኤ ሌክ ኢን ማይ ሲቲ» ብዬ ጀመርኩ። በከተማዬ ሐይቅ አለ ማለት ነው። እኛ «አለ»ን መጨረሻ ላይ እናመጣለን፤ እነሱ ከመነሻው «ዜር ኢዝ» ይላሉ። ብዙ ከሆነ «ዜር አር»፦ «ዜር አር ሜኒ አይላንድስ»፣ ብዙ ደሴቶች አሉ። ይቺን ከያዝሽ የሚቀርሽ ነገሩ የት እንዳለ መናገር ነው። እኛ «ሐይቁ ላይ»፣ «ሐይቁ ውስጥ» ስንል ቦታውን የሚነግረን ቃል ከኋላ ነው። እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል። ታንኳው «ኦን ዘ ሌክ»፣ ቆሮሶና አምባዛው «ኢን ዘ ሌክ»፣ ከተማው «ባይ ዘ ሌክ»። ስማችን ራሱ ይሄው አይደል? ባሕር ዳር!

እኔ የተሳሳትኩትን አንቺ እንዳትደግሚው፦ አውቶቡስ ሲሆን «ኦን» ነው፣ ባጃጅና ታክሲ ሲሆን «ኢን»።

እዚህም ኦንታሪዮ የሚሉት ሐይቅ አለ፤ በስፋት የጣናን ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የደንገል ታንኳ ግን አላየሁበትም። አስተማሪዋ «ታንኳ ምንድን ነው?» ስትለኝ የነበሩኝ አጫጭር ቃላት ብቻ ናቸው። ጀልባ ነው። ከደንገል ይሠራል። ደንገል ሐይቁ ዳር ይበቅላል። ሰውየው ከዘጌ እንጨት ጭኖ ይመጣል። ሲደርስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያቆመዋል፤ ውኃው ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለ ይደርቃል። ይህን ስናገር አንድ ከባድ ቃል አላስፈለገኝም። ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ ሰማኝ። እኔም የእርጥብ ደንገል ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ከበራችን ጀምሪ። ፊት ለፊቱ ምን አለ? ከወፍጮ ቤቱ ጎንስ? አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ። ያማረውን ብቻ አትምረጪ፤ እምቦጩንም ካየሽው ጻፊው። ለእማዬም አንብቢላት፣ ትርጉሙን እየነገርሻት።

አባዬ ከሥሩ ይቀመጥበት የነበረው ዋርካስ አለ? ከተቆረጠ «ዜር ዎዝ» ነው የሚባለው፣ ነበረ ማለት ነው። እባክሽ «ዜር ኢዝ» ብለሽ ጻፊልኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ