የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ከደጋው ውሻ ክትባት ይጀመር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ቀይ ቀበሮ በተነሣ ቁጥር ጋዜጦቻችንም ሆኑ የስብሰባ አዳራሾቻችን የሚያወሱት የእርሻ መስፋፋትን፣ ልቅ ግጦሽንና የጓሳ ሣር መመንጠርን ነው። መወሳቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን በወሎ ደጋ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከእርሻው ፈጥኖ ሊጨርሰው የሚችለው ከየቤታችን ደጃፍ የሚነሣው ውሻ መሆኑን፣ ይህንንም መግታት ከአቅማችን በላይ አለመሆኑን ለማስገንዘብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። የእኛዎቹ በሰሜን በአቡነ ዮሴፍ፣ በደቡብ በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ከፍታዎች ላይ በጥቂት መንጋ ተወስነው ቀርተዋል። በአንዱ ተራራና በሌላው መካከል ያለው እርሻና መንደር ስለሆነ፣ አንዱ ጋ ያለው ቢያልቅ ከሌላው መጥቶ የሚተካው የለም። ጎሽ ሜዳና ጮቄ ላይ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተመልሶ አልታየም።

ስለ ውሻው ስንናገር ግን ፍርደ ገምድል መሆን የለብንም። ደጋው ላይ ባለቤት የሌለው ውሻ ጥቂት ነው፤ ባለቤት ኖሮት የሚመግበው ያጣ ውሻ ግን ብዙ ነው። ሌሊት በጉን ከጅብ ይጠብቃል፣ ቀን ከእረኛው ጋር ጓሳው ውስጥ ይውላል፣ ሆዱን የሚሞላው ደግሞ እንደ ፍጥርጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ አቅንቶ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፣ በቀስታ አንድ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያም ዘሎ አፉን ሣሩ ውስጥ ይቀብራል። ይህንኑ ጉድጓድ ከበጎቹ ጋር የወጣው ውሻ በጥፍሩ እየፋቀ ያፈርሰዋል፤ ቀበሮውንም ባየው ጊዜ እስከ ገደሉ አፋፍ ያሳድደዋል። በባሌ ዌብ ሸለቆ ደግሞ ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ዲቃላ መወለዱ በዘረመል ጥናት ተረጋግጧል።

ከሁሉም የከፋው ግን በሽታው ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ለብቻው ቢሆንም የሚኖረው በመንጋ ነው፤ ንጋት ላይና ምሽት ላይ ተገናኝተው አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ አብረው ወሰናቸውን ይዞራሉ፣ ግልገሎቹንም የመንጋው አባላት ሁሉ የዋጡትን እያስመለሱ ያበላሉ። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘ መንጋውን ሁሉ ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው በሽታ ከውሻ ተላልፎ ዌብ ሸለቆ ሲገባ፣ በዚያ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አልቀዋል፤ የተገታውም በሸለቆው መውጫ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ካናይን ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ገድሏል። ባሌ ሰፊ ስለሆነ ከእያንዳንዱ እልቂት በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ አገግሟል። አቡነ ዮሴፍ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ከምን ተነሥቶ ያገግማል?

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው መርዝ ነው ይላሉ፤ በየከተማውም ማዘጋጃ ቤቶች ለዘመናት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። እኔ አልስማማም። የተመረዘውን ሥጋ ወይም የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳውም ራሱ ቀይ ቀበሮውም ሊበላው ይችላል። ደግሞም የተከተበውን ውሻ ካልተከተበው ጋር ገድለን ስናበቃ፣ ቦታውን የሚይዘው ከሌላ መንደር የሚመጣው ወይም በዓመቱ የሚወለደው ያልተከተበ ውሻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ሥርጭት ለመስበር በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ አለባቸው። የደጋ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቡችላውም በየዓመቱ ይፈላል። ስለዚህ ዘንድሮ የደረስንበት 70 በመቶ በከርሞው ስለሚወርድ፣ ክትባቱ ፕሮጀክት በመጣ ጊዜ ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ በማይናወጥ ወቅት ሊሰጥ ይገባል። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ መንገዱ እንደደረቀ መስከረም ላይ መውጣት የተሻለ ይመስለኛል።

በባሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በፍየል ሥጋ ውስጥ በተደበቀ የአፍ ክትባት እንዲከተቡ መደረጉ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን የበሽታው ምንጭ ውሻው ሆኖ ሳለ ቀበሮውን ብቻ መከተብ ሥራውን ከጭራው መጀመር ይሆናል።

ሥራው እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የእኛ አገር ውሻ፣ ባለቤቱ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ቤት አይገባም፤ እጅም አልለመደም። መርፌ ይዞ የሚመጣውን ባለሙያ ገና በሩቁ ይሸሸዋል ወይም ይነክሰዋል። አብሮት የሚውለው እረኛ ልጅ ግን ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ አንገቱን ሲይዘው ጸጥ ይላል። ስለዚህ ዘመቻው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ቀን ሊሆን፣ ቀኑም አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ሊነገር ይገባል። ገበሬውም ቢሆን ስለ ቀይ ቀበሮ ባይገደው ስለ ልጁ ይገደዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው እንደሌለ የማያውቅ የደጋ ሰው የለምና።

እስከ ዛሬ ያጋጠመው ችግር፣ እንደማየው፣ የባለቤትነት ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ክፍሉ ውሻ የቤት እንስሳ ነው ይላል። የግብርናው ክፍል በጀቱን ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ይመድባል። የጤናው ክፍል የተነከሰውን ሰው እንጂ የነከሰውን ውሻ አያይም። ውሻው በሦስቱ መካከል ሾልኮ ጓሳው ውስጥ ይገባል።

ስለሆነም የሰሜን ወሎና የደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደሮች ጥብቅ ሥፍራዎቹን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች የሚገኙ ውሾችን መዝግበው፣ ለዓመታዊ ክትባት የሚሆን በጀት በአንድ መሥሪያ ቤት ስም እንዲይዙ፣ ይህም ከመጪው የበጀት ዓመት እንዲጀመር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ደሴ