የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን የዘንድሮውን የትምህርት ዘመን ያሳለፈው ክላሚዶሞናስ የተባለችውን ባለ አንድ ሕዋስ አረንጓዴ ዋቅላሚ በማጥናት ነው። አብዛኞቹ አባላት ሲመዘገቡ፣ የአንድ ፍጥረት ጂኖም፣ ማለትም በዲኤንኤ የተጻፈው የዘር መረጃው በሙሉ፣ ተነብቦ ካለቀ የፍጥረቱ ነገር ሁሉ እንደሚታወቅ ያምኑ ነበር፤ የዓመቱ ሥራችንም ይህን እምነት መመርመር ሆነ።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በንባብ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው የክላሚዶሞናስ ጂኖም በ17 ክሮሞሶሞች የተከፋፈሉ 120 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላትና 15,000 ገደማ ጂኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው የዘመዷ የቮልቮክስ ጂኖም ግን ተማሪዎቹን ይበልጥ አስገረማቸው። ቮልቮክስ 2,000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳትና እስከ 16 የሚደርሱ ትልልቅ የመራቢያ ሕዋሳት ሥራ ተከፋፍለው የሚኖሩባት ድቡልቡል ዋቅላሚ ስትሆን፣ የጂኖቿ ብዛት ከክላሚዶሞናስ ብዙም አይለይም። ሬግኤ የተባለው ጂኗ በጥቃቅኖቹ ሕዋሳት ውስጥ ሲሠራ አድገው እንዳይራቡ ያግዳቸዋል፤ በመራቢያዎቹ ውስጥ ግን አይሠራም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አንዱ ናይትሮጅን ያለው፣ ሌላው የሌለው ምግብ በያዙ ሁለት ጠርሙሶች ክላሚዶሞናስን አሳደግን። ሕዋሳቱን በደንብ ሳናጥብ በመገልበጣችን የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ የቀድሞው ምግብ አብሯቸው ስለገባ ሁለቱም ጠርሙሶች እንደለመለሙ ቆዩ። ደግመን አጥበን ስንሞክር ናይትሮጅን የተነፈገው ጠርሙስ በቀናት ውስጥ ወደ ቢጫ አዘነበለ። ከእርሱ አንድ ጠብታ ወስደን አዮዲን ስንጨምርበት፣ ሕዋሳቱ ባከማቹት ስታርች ምክንያት ጠቁረው በማይክሮስኮፕ ታዩን።

በሁለቱም ጠርሙሶች ያለው ጂኖም አንድ ነው፤ የተለወጠው ወደ አርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋሱ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የጂን ቅጂ፣ የሚገለበጡት ጂኖች ዓይነትና መጠን ነው። ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት አርኤንኤውን ከሕዋሳቱ አውጥተው፣ ወደ ዲኤንኤ መልሰው ካነበቡት በኋላ ከየጂኑ የመጣውን ቁራጭ በመቁጠር ነው። የንባብ መሣሪያ ስለሌለን አባላቱ ከታተሙ ጥናቶች ቁጥሮችን ወስደው በግራፍ አሰፈሩ፤ የብርሃን አስተፃምሮ ጂኖች ሲቀንሱ፣ ናይትሮጅን የሚያስገቡትና ቅባት የሚሠሩት ሲጨምሩ በገዛ እጃቸው አዩት። የአርኤንኤ መብዛት የፕሮቲን መብዛትን ሁልጊዜ እንደማያሳይ ደጋግሜ ማሳሰብ ነበረብኝ፤ ግራፍ ያማረለት ተማሪ ይህን ለመርሳት ይቸኩላልና።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ናይትሮጅን የጨመርንበት ቢጫው ጠርሙስ ዳግም አረንጓዴ ሆነ፤ በየዕለቱ የተነሣው ፎቶግራፍም በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።