ኮምፓስ እያለ ክብ በእጅ መሳል ምን ይሉታል?

ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ኮምፓስ እያለ ክብ በእጅ መሳል ምን ይሉታል?» ብለው ስቀው ዘጉብኝ። ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ላስተማረ ሰው በስልክ መልስ መስጠት ከባድ ነው፤ ይኸው በወረቀት።

የምሠራበት ቢሮ ቸርችል ጎዳና ላይ መሆኑን ያውቃሉ። ፕላኑ ሁሉ የሚወጣው በኮምፒውተር ነው። ሳይት ላይ ግን ፎርማኑ «ይቺ ደረጃ በየት ነው የምትዞረው?» ሲል ማን ኮምፒውተር ያወጣል? የሲሚንቶ ከረጢት ተቀዶ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይሳልለታል። የእኔ ክብ ድንች ከመሰለ የእሱም ደረጃ ድንች ይሆናል። ደግሞ ኮምፓስ የሚያወጣው ፊት ለፊት የታየን ክብ ብቻ ነው። የሲኒ አፍ ከጎን ሲያዩት፣ የውሃ ታንከር ክዳን፣ የዓምድ ጫፍ፣ ሁሉም ሞላላ ናቸው። ክብ ያልለመደ እጅ ደግሞ ሞላላ ማውጣት አይሆንለትም።

ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ቶሞካ ቡናዬን ይዤ እለማመዳለሁ። እዚያ የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ ለእኔ ደግሞ መቆሙ ነው የጠቀመኝ። ቁጭ ሲሉ ክርን ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ ክርን ካረፈ መዞሪያው እሱ ይሆንና የሚወጣው ቅስት እንጂ ክብ አይደለም። በእጅ አንጓ ብቻ ሲሞክሩት ቅስቱ ይብስ ያጥራል። ክፍል ውስጥ እኔን ሰሌዳው መሀል ክሩን በጣቴ አስይዘው፣ ጫፉ ላይ የታሰረውን ጠመኔ ሲያዞሩ ትዝ ይልዎታል? ጣቴ ፈቀቅ ካለ ክቡ ይበላሽ ነበር። በእጅ ሲሳል ግን እንዲህ የሚይዝ ጣት የለም፤ ክንድ በሙሉ ከትከሻ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቶች እርሳሱን ከመያዝ ሌላ ሥራ የላቸውም።

እርሳሱን ወረቀቱን ሳላስነካ ከላይ ከላይ አዞረዋለሁ። እጄ መንገዱን ሲይዝ ዝቅ አድርጌ አስነካውና ሳላቆም ሁለቴ እዞራለሁ። ከዘገዩ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከፈጠኑ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። ዓይን ደግሞ የእርሳሱን ጫፍ መከተል የለበትም፣ ክቡን በሙሉ ነው ማየት ያለበት። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ አይተው አይተው «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው እንዲህ የምትዞሪው?» አሉኝ።

የሳልኩትን ወረቀቱን ገልብጬ አየዋለሁ። ዓይን የለመደውን ጥመት አያይም፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን ክቡ በየት በኩል እንዳበጠ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ስፋቱን በወረቀት ቁራጭ በየአቅጣጫው እለካለሁ። እዚህ ላይ እንደሚያቋርጡኝ አውቃለሁ፦ «ስፋቱ በየአቅጣጫው እኩል የሆነ ሁሉ ክብ ነው ያለሽ ማነው?» እውነትዎን ነው። በጀርመናዊው መሐንዲስ በፍራንዝ ሩሎ ስም የሚጠራው ጎነ ቅስት ሦስት ማዕዘን በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ ስፋቱ አንድ ነው፤ ዙሪያው እንኳ እንደ ክብ ስፋቱ በፓይ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የምለካው ከመሀል ነጥቡ ተነስቼ ነው።

ለትልቅ ክብ ሌላ መንገድ አለ። ቀለል አድርገው ካሬ ይሥላሉ፤ ከየማዕዘኑ በሁለቱም ጎን የጎኑን 29 ከመቶ ያህል ለክተው ማዕዘኑን ይቆርጡታል፤ ስምንት እኩል ጎን ይወጣል። የስምንቱን ማዕዘኖች እንደገና ሸረፍ ሸረፍ ካደረጓቸው የቀረውን እጅ ራሱ ይጨርሰዋል። ፒያሳ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ሲሠራ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ነው የተሠራው። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር፣ ልሳለም ቆሜ ሳለሁ ሳይቀር፣ በልቤ ማዕዘኖቹን እሸርፋለሁ። ይቅር ይበለኝ! ወደ ዶሮ ማነቂያ በኩል ያለውን ሰፈር ግን መጥተው ቢያዩት አይለዩትም፤ ፈርሷል።

የጣሊያኑን ሠዓሊ የጆቶን ታሪክ ሳይሰሙ አይቀሩም። የጳጳሱ መልእክተኛ የሥራውን ናሙና ሲጠይቀው በቀይ ቀለም አንድ ፍጹም ክብ ብቻ ሥሎ ሰጠው ይባላል። ታሪኩ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1550፣ ጆቶ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ እኔ ብዙም አላምነውም። የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው፦ እንደ ታሪኩ ክንዱን ጎኑ ላይ አጣብቆ እጁን ብቻ ነው ያዞረው። እኔ የምለማመደው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ እጄ ሥራ ፈታ ሲሉ ስለምሰማ፣ ከዚህ ጋር ጀርባው ባዶ የሆነ የቢሮ ወረቀት ልኬልዎታለሁ። ከፍ ባለው የጓዳ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይሞክሩት፤ ጉልበትዎ እምቢ ካለ ቁጭ ይበሉና ክርንዎን ብቻ እንዳያስደግፉ። በጠዋት፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ በየቀኑ ይበቃል። የተበላሸውንም አይጣሉ፤ ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ፤ ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ይስጡትና ያምጣልኝ። ኮምፓስ ብጠቀም ማን ያውቃል እንዳይሉ ደግሞ፣ መሀሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ታሳብቅብዎታለች።

ልጅዎ
ከፒያሳ