እማዬ፣ እራት ሳትበዪ እንዳትተኚ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ጠናብሽ ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከኮምቦልቻ ሙቀት በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ያን የልጆቹን ምግብ አሠራር በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በወረቀት አደረግኩት። ክረምቱን አንቺ ዘንድ ሊያሳልፉ ነውና ከአሁኑ «አያቴ የኮሪያውን ፓስታ ትሠራልን ይሆን?» እያሉ ነው።

ኮሪያ ብልሽ «ዘማቾቹ የሄዱበት አገር?» አልሽኝ። አዎ፣ እሱው ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተበት። ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን በየተራ ሄደው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። ያኔ በጦርነት የደቀቀ አገር ነበር። ዛሬ ምግቡ በስልክ ታይቶ ኮምቦልቻ ድረስ ልጆቼን ያስጎመጃል።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ለልጆቹ ብቻ ብዬ አይደለም። አባዬ ካለፈ ወዲህ እራት ትተሻል። «ለአንድ ሰው ምን ወጥ ይሠራል» እያልሽ በሻይና በዳቦ ታድሪያለሽ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ዕድሜሽን ሙሉ መንገደኛ ሳይቀር አብልተሽ ያሳደርሽ ሴት ነሽ። አንቺ ባዶ ሆድሽን ተኝተሽ እኔ እዚህ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወጥ ሥሪ ብልሽ ቁሌቱ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል፤ ቆሞ ማማሰሉ ለጉልበትሽ አይሆንም። ይሄኛው ግን ውኃው እስኪፈላ ሥጋው ይከተፋል፣ ፓስታው እስኪበስል ሥጋው ይደርሳል። ምድጃ ፊት የምትቆሚው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥጋውም ለጥርስሽ ለስላሳ ነው።

ለአንቺና ለሁለቱ ልጆች ሩብ ኪሎ ሥጋና ግማሽ ፓኮ ፓስታ ይበቃል። ቀጭኑን ፓስታ ግዢ። ኢንዶሚም ይሆናል፤ ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን የቅመም ከረጢት ጣዪው፣ ጨው ነው። ሥጋውን ከለመድሽው ሥጋ ቤት ሽንጥ ብለሽ አስቆርጪ። ጭቅና ቢገኝ ጥሩ ነበር፣ ግን ይወደዳል፤ ለዚህ ምግብ ሽንጥ አያንስም።

ዋናው ነገር አቆራረጡ ነው። ሥጋውን በረዶ ቤት ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተሽ ጠንከር ሲል አውጪው። ያኔ ቢላዋው አይንሸራተትም፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቆረጥልሻል። ቋንጣ ስትዘለዝዪ የሥጋውን ክር ተከትለሽ ነው የምትሄጂው። እዚህ ተቃራኒው ነው፤ ክሩን አቋርጠሽ ቁረጪ። ክሩ አጭር ሲሆን ጥርስ አይፈትንም። ይህን ካደረግሽ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ኮሪያዎች ሥጋውን ለማለስለስ ፒር የሚባለውን ፍራፍሬ ፈቅፍቀው ይጨምሩበታል። እኔ በእሱ ፋንታ ያልበሰለ ፓፓያ እጠቀማለሁ። ከመርሳ የሚመጣው ፓፓያ ሞልቷል፤ አረንጓዴውን ምረጪ፣ ሥጋ የሚያለሰልሰው ነገር በብዛት ያለው ጥሬው ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፍቅፋቂ ብቻ ጨምሪ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አታቆዪው፤ ሥጋው ይሟሟና ጣዕሙ ይጠፋል። ፓፓያ ካጣሽ ተይው።

ከዚያ ሥጋውን በሳህን አድርገሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት አራት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት አድርጊበትና በእጅሽ እሺው። ሶያ ሶሱ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የሚሠራ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ይብላላል። ድልህ እያዘጋጀሽ የምታሰነብቺ ሴት ስለሆንሽ ይሄ አይገርምሽም። እነሱም የራሳቸው ድልህ አላቸው፤ ጎቹጃንግ ይሉታል። በበርበሬ ዱቄት፣ በሩዝ፣ በተብላላ አኩሪ አተርና በጨው ያዘጋጁትና በሸክላ ማሰሮ ደጅ ፀሐይ ላይ ያሰነብቱታል። ጣፈጥ ይላል። እኔ ግን ያንቺን ድልህ ከትንሽ ማር ጋር አዋህጄ ነው የምጨምረው፤ ልጆቹም የለመዱት ይህንኑ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አንዳንዱ አሠራር የሩዝ ወይን ጠጅ ይጨምራል፤ እኛ አንጨምርም፣ ምንም አይጎድልበትም።

ጨው ላይ አደራሽን። ሐኪሙ ለግፊትሽ ጨው ቀንሺ ብሎሻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም፣ ማለት ጨው ውስጥ ያለው ግፊት የሚጨምረው ነገር፣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው። ስለዚህ ከሁለቱ ማንኪያ አትለፊ፤ ለሦስት ሰው ሲከፋፈል አይከብድሽም። ሥጋው ላይም ፓስታው ውኃ ላይም ሌላ ጨው የሚባል አይግባ። ሰው «ጨው አነሰው» ቢልሽ ሎሚ ጭመቂለት።

ፓስታውን በደንብ በፈላ ውኃ ውስጥ ክተቺ። እዚህ ላይ ያንቺ ቤትና የእኔ ቤት ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል እንጂ 100 አይሞላም። ስለዚህ ፓኮው ላይ ከተጻፈው ሦስት አራት ደቂቃ ጨምሪ፣ አንድ ክር አውጥተሽም ቅመሺ። ሽምብራና ባቄላ እኛ ጋ ቶሎ ይበስላል ትይ የለ? ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እኛ ዝቅ ብለን ነው ያለነው። ስታጠልዪው አንድ ኩባያ ውኃ አስቀሪ፣ ኋላ ይፈለጋል።

መብራት ቢጠፋ አብሽሪ። እንዲያውም ከሰል ይሻላል፤ ኮሪያዎች ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሥጋ ከሰል ላይ መጥበስ ይወዳሉ። እሳቱ ይንደድ። መጥበሻው ደርቆ በደንብ ሲግል ትንሽ ዘይት ጣል አድርጊና ሥጋውን በሁለት ዙር ጥበሺ። አንድ ላይ ከተጫነ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል። ለየብቻ ዘርግተሽ ሳትነኪው ተዪው። መጀመሪያ ጫጫታው ኃይለኛ ነው፣ ከዚያ ድምፁ ይቀንሳል። ጠርዙ እየጠቆረ ስኳሩ መጥበሻው ላይ መያዝ ሲጀምርና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሲመጣ ገልብጪው። የሥጋው ዳር ቡናማ ሆኖ እንደ ማር ያብለጨልጫል። ያኔ ደርሷል። አንድ ደቂቃ እንኳ ብትጨምሪበት ይደርቃል።

ሥጋውን አውጥተሽ እዚያው መጥበሻ ላይ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮትና ጥቅል ጎመን ጠበስ አድርጊ። ቶሎ ቶሎ ነው፣ እንዳይልም። ፓስታውን ጨምሪ፣ ያስቀረሽውን ውኃ ጠብ ጠብ አድርጊ፣ መጥበሻው ላይ የተጣበቀው ሁሉ ተላቆ ፓስታውን ያቅልመው። ሥጋውን መልሺ። ባሮ ሽንኩርት ከትፈሽ፣ የቆላሽውን ሰሊጥ ነስንሺበት። በቃ፣ አለቀ።

ለታች ቤቷ እትዬም አስቢላት። ሥጋችንን እንደማትበላ ታውቂያለሽ፣ ጾምም አይጠፋም። የሷን በሌላ ድስት፣ ሥጋ ሳይነካው፣ በካሮትና በጎመን ሥሪላት፤ እንጉዳይ ከተገኘም ጨምሪላት። ሶያ ሶሱም የሰሊጥ ዘይቱም የጾም ነው። ፋሲካ ሲመጣ የሷን ቡና ጠጥተሽ፣ ዒድ ሲሆን እሷ አንቺን ጠይቃ ነው የኖራችሁት። አዲስ ምግብ ቤታችን ሲገባ እሷ ሳትቀምሰው አይሆንም።

ኮሪያዎች ገበታ ላይ ታላቁ ሰው ማንኪያ ሳያነሳ ልጅ አይጀምርም። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሹ «እንደ አያቴ ቤት ማለት ነው» አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ፣ ይጠብቁሻል። ደግሞ በልደትና በሠርግ ቀን ኑድል የሚሉትን ረጅም ቀጭን ፓስታ ይበላሉ፤ የክሩ ርዝመት ረጅም ዕድሜ እንዲሆን ነው ምኞታቸው። ዕድሜ የሚሰጥ አላህ ነው፣ ምኞቱን ግን ወድጄዋለሁ። ለልጆቹ ስሠራ ሁልጊዜ አንቺን አስቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

ልጆቹ ወደኔ ሲመለሱ ግን እንዳታቆሚ። ለብቻሽ ስትሆኚ አንድ እፍኝ ሥጋ፣ አንድ እፍኝ ፓስታ ይበቃሻል። ሩብ ኪሎውን በአንድ ቀን ቆርጠሽና ለውሰሽ በሦስት ፌስታል ከፋፍለሽ በረዶ ቤት አስቀምጪ፤ እንደዚያ የምታስቀምጪው ላይ ግን ፓፓያ አታግቢ። ስትፈልጊ አንዱን ጠዋት ወደ ታች ታወርጂና ለማታ ይደርስልሻል። ሥጋ ባይኖር ሁለት እንቁላል ጠብሰሽ ጣል አድርጊበት፣ ያም እራት ነው።

ሶያ ሶሱንና የሰሊጥ ዘይቱን ቅዳሜ ባለቤቴ ያደርስልሻል፣ ገበያ አትንከራተቺ። የጠርሙሱን ክዳን አጥብቀሽ ዝጊ፣ ከተከፈተ በኋላም ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ሰሊጡን አንቺው ቁዪው፤ ያንቺ አቆላል ይጣፍጣል።

ማታ ስደውል ታዲያ «በላሁ» ብቻ አትበዪኝ። ምን እንደበላሽ ንገሪኝ።

ወሰላሙ አለይኩም።
የምትወድሽ ልጅሽ፣ ከኮምቦልቻ