ቅዳሜ ስለምናየው ፊልም

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ቅዳሜ ማታ 2፡00 ላይ የምናየው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የዮታም ፌልድማን ዘጋቢ ፊልም ነው። የዕብራይስጥ ስሙ «ሃማአባዳ»፣ ቤተ ሙከራው ማለት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ቡናውን ከፊልሙ በኋላ እናፈላለን፤ ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው።

ፊልሙ የእስራኤልን የጦር መሣሪያ ንግድ ያሳያል። የሚናገሩት ራሳቸው ሻጮቹና የቀድሞ የጦር መኮንኖች ናቸው። ኮርነር ሾት የሚባለውን መሣሪያ ልብ ብላችሁ እዩት። መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ ጫፉ ላይ ሽጉጥና ትንሽ ካሜራ አለው። ተኳሹ ከግድግዳ ጀርባ ሳይወጣ ጫፉን በጥጉ በኩል ያዞርና በስክሪን እያየ ይተኩሳል። ቴሌቪዥን የሚያይ ነው የሚመስለው። ይህን ካየሁ በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ገበያው ነው። ገዢ የሚፈልገው በጦርነት የተፈተነ ዕቃ ነው። የተፈተነበት ቦታ ደግሞ ጋዛና ዌስት ባንክ፣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። እስራኤል ለውጭ አገር የምታደርገው የመከላከያ ሽያጭ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ13 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

ብዙዎቻችን በእስራኤል ሠራዊት ያገለገልን ወይም ልጆቻችንን የላክን ነን። ስለዚህ ውይይቱ ሊያም ይችላል። ያገለገሉት ቀድመው ይናገሩ፤ ማንም ማንንም አያቋርጥ። ትንንሽ ልጆችን ባታመጡ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ስኒ የሚያንሰን ስለሆነ የምትችሉ ይዛችሁ ኑ።