በዤት ደርሼ መጣሁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽና ልጃችሁስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ባሕር ዳር በሰላም ገብቻለሁ። መንገዱ ጉልበቴን ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ለአክስትሽ የላክሽላትን የዓይን ጠብታ ሰጥቻታለሁ፤ ስትመርቅሽ ዋለች።

«በዤት እንዴት ነበረች?» ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ «ጥሩ ናት» ብዬ ያለፍኩት ወሬ አጥቼ አይደለም። ከሌሊት ተራ ወጥተሽ፣ እንቅልፍሽ ዓይንሽ ላይ እያለ፣ ያን ሁሉ ልዘበዝብብሽ አልፈለግሁም። ደግሞ ልንገርሽ፤ በዚያች የስፔን ካታሎንያ ተራራ መንደር ቤት ልትገዙ እንደምታስቡ ባልሽ መኪና ውስጥ አምልጦት ነግሮኛል። አትቆጪው። ካንቺ አፍ ብሰማው ግን እወድ ነበር። ለካ «እማዬ፣ ገጠር ገብተሽ ትንሽ ጸጥታ አግኚ» ብለሽ የላክሽኝ አገሩን አይቼ እንድመርቅልሽ ኖሯል!

እንግዲያው ያየሁትን ልጻፍልሽ፤ ምርቃቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከካምፕሮዶን ከተማ ወጥተን ሮካብሩና የምትባለውን መንደር እንዳለፍን መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። ጥቅምት ስለነበር ዛፉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር እንደኖርኩ እንዳንቺው ባልሽም ያውቃልና «ይህን ደን እንዴት አድርጋችሁ ጠብቃችሁ አቆያችሁት?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። «ማንም አልጠበቀውም፤ የአያቴ ዘመን ሰዎች ቢነሡ አገራቸውን አያውቁትም» አለኝ። መኪናውን አቁሞ በግንዶቹ መሀል አሳየኝ። ተዳፋቱ ከታች እስከ ላይ እርከን ነው፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ። ሲታረስ የኖረ መሬት ነው። ዛፉ የበቀለው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ ከካታሎንያ ምድር ከግማሽ የሚበልጠው በደን የተሸፈነ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው እንዲህ የተመለሰ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ላይ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየሽ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ የቀረው አብዛኛው ታርሷል። ለተማሪዎቼ ሰው ሲበዛ ደን ይመናመናል እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ፤ ነገሩ ወደ ኋላም እንደሚሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መንደሩ መኪና አያስገባም፤ ነዋሪ ካልሆንሽ ደጅ አቁመሽ በእግርሽ ነው። ቤቶቹ ድንጋይ፣ ክዳናቸው ሸክላ፣ ሰገነታቸው እንጨት ነው። በመሀል ጅረት ያልፋል፤ የድሮ የድንጋይ ድልድዮች አሉት። የረቡዕ ቀን ስለነበር ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ስንሄድ ያገኘነው አንዲት ድመትና ግድግዳ የሚለስን አንድ ሰው ብቻ። ከውኃው ሌላ ድምፅ የለም። አንቺ የወደድሽው ይህንን ነው፤ እውነትሽን ነው፣ ደስ ይላል። እኔ ግን መስኮቶቹን እያየሁ ነበር የምሄደው። የብዙዎቹ መዝጊያ ተዘግቷል። ባለቤቶቹ ቅዳሜ መጥተው እሁድ ማታ ይመለሳሉ አለኝ ባልሽ፤ ዓመቱን ሙሉ እሳት የሚነድባቸው ቤቶች በጣት ይቆጠራሉ። በዤት ድሮ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት፤ ሰው እያለቀ ሲሄድ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከካምፕሮዶን ጋር ቀላቀሏት።

ቤተ ክርስቲያኑን ሳልነግርሽ አላልፍም። በቅዱስ ክሪስቶፎር ስም በ12ኛው መቶ ዓመት የታነጸ ነው፤ የኛው ላሊበላ ከተፈለፈለበት ዘመን ብዙም አይርቅም። የደወሉ ማማ ባለ አራት ደርብ ነው፤ ለዚያች ትንሽ መንደር በዝቷል ያሰኛል። ቁልፉ ያለው ፊት ለፊት ከሚኖሩ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ሲከፍቱልን እኔ ልማዴ ነውና ጫማዬን አውልቄ ደጁ ላይ አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ደንግጠው «እግሯን አመማት እንዴ?» ብለው ባልሽን ጠየቁት። ነገሩን ሲያስረዳቸው እግሬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ሄደው አንድ ያረጀ ምንጣፍ ጎትተው አመጡና ከመሠዊያው ፊት አነጠፉልኝ። ወለሉ የሚያንሰፈስፍ ድንጋይ ነበርና ነፍሴን አተረፏት።

እዚያ ቆሜ ስቅለቱን አየሁት። ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ ትልቅ ነው። ፈረንጅ ስቅለት ሲሠራ ጌታን እርቃኑን፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያሳየው ብዬ ነበር የማስበው። ይኼኛው ለብሷል። ወደ እግሩ የሚወርድ ረጅም ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ በመቀነት የታሰረ። እጆቹ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል፤ ፊቱ ላይ ጣር የለም። ሰዎቹ ማጄስታት ይሉታል፤ የሚሞት ሳይሆን የሚነግሥ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲፈነዳ በካታሎንያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው እንዲህ ያለ ሥራ በየቦታው አመድ ሆኗል፤ ይህ ከተረፉት አንዱ ነው። በዚያው ዓመት አያትሽ ጣሊያንን ሊዋጉ ዱር ገብተው ነበር። እኛን በመርዝ ጭስ የፈጀው የሙሶሊኒ አየር ኃይል በ1938 እ.ኤ.አ. መጋቢት ባርሴሎናን ቀንና ሌሊት ሲደበድብ ሰነበተ፤ አንቺ ሠፈር ያለው የመጠለያ ዋሻ የዚያ ጊዜ መሆኑን ባልሽ ነግሮኛል። አሮጊቷ ሲወጡ ለስቅለቱ እንደ ጎረቤት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገውለት በሩን ቆለፉ።

ምሳ የበላነው ከድልድዩ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ነው። ጽጌን እንደምጾም ባልሽ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ ያም ሆኖ አስተናጋጇ ቋሊማውን ሁለቴ ይዛ መጣች። እኔ የበላሁት ነጭ ባቄላ የሚመስል አደንጓሬና ዳቦ በቲማቲም ነው። ዳቦውን ጠበስ ያደርጉታል፤ ቲማቲሙን ለሁለት ከፍለው እስኪያልቅ ዳቦው ላይ ያሹታል፤ ከላይ የወይራ ዘይትና ጨው። በቃ። ሽንኩርት የለው፣ ቃሪያ የለው! ሦስት ቁራሽ ጨረስኩ። ያቺ ነገር ለጾም የተፈጠረች ናት፤ ቤት ገብቼ በኛ ዳቦ ሞከርኩት፣ ቲማቲሙ ውኃ ሆነብኝ እንጂ ክፉ አይደለም።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ኢትዮጵያ ስንላቸው ተነሥተው ቆሙ። ስሟ አልመጣላቸውም፤ የባልሽን እጅ ያዙና ወደ ላይ አንሥተው እየተወዛወዙ በጠረጴዛዎቹ መሀል መሮጥ ጀመሩ። ደራርቱ ናት! በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን አግኝታ፣ መስመሩ ላይ ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን የዞሩት። ሽማግሌው ያን ቀን እዚያው ሞንጁይክ ስታዲየም ነበሩ። የሚሮጡበት ሁኔታ ቢያስቀኝም ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ባልሽ ነግሮሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከምሳ በኋላ ባልሽ የአያቱን አባት ቤት ሊያሳየኝ ወደ ጫካው ወሰደኝ። አንቺ እስካሁን አላየሽውም አሉ፤ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሄደሽ እዪው። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው። መሀል ላይ አንድ ክብ፣ ደልዳላ ቦታ አገኘን፤ ዛፍ አልበቀለበትም። በጫማዬ ጫር ሳደርገው አፈሩ ጥቁር ነው። ማንም ሳይነግረኝ «ከሰል ያከሰሉበት ነው» አልኩት፤ ገረመው። እንጨቱን ከምረው፣ በቅጠልና በአፈር ደፍነው፣ ጭሱን እያዩ ሌት ተቀን የሚጠብቁት ነገር የትም አገር አንድ ነው። ያ አልታ ጋሮቻ የሚባለው ተራራማ አገር ብዙ ሰው በከሰል ነበር የሚኖረው። ከሰሉ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ብሩ ወደ ተራራ ይወጣል። ከዚያ በ1957 ዓመተ ምሕረቱ በነሱ አቆጣጠር መንግሥት የቡታን ጋዝ ኩባንያ አቋቋመና ያ ብርቱካንማ ሲሊንደር በየከተማው ቤት ገባ። ያ ጎረቤትሽ በትከሻው ተሸክሞት ደረጃ ሲወጣ ያየሁት እኮ ነው። ከሰል የሚገዛ ጠፋ፤ ተራራውም ባዶ ቀረ።

ቤቱ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው የለም። የዳቦው ምድጃ ቅስቱ አልፈረሰም። በጓዳው መሀል አንድ የወፈረ ዛፍ በቅሏል፤ ባልሽ ግንዱን አቅፎት ሁለቱ እጆቹ በጭንቅ ተገናኙ። የበሩ መድረክ ድንጋይ በሰው እግር ብዛት መሀሉ ተበልቷል። እዚያ ላይ ተቀምጠን የአያቱን ታሪክ ነገረኝ። በነሱ የድሮ ልማድ ቤትና መሬት አይከፋፈልም፤ የበኩር ልጅ፣ ኤሬው የሚሉት፣ ሁሉንም ይወርሳል፤ ወንድ ከሌለ ትልቋ ሴት። ሕጉ የንብረቱ ግምት ሩብ ለልጆቹ ሁሉ እንዲታሰብ ይላል፤ ሌሎቹን ከዚያ በሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ በጥሎሽ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይሸኟቸዋል። የባልሽ አያት ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ስለዚህ በልጅነታቸው በቴር ወንዝ ዳር ከነበሩት የጨርቅ ፋብሪካዎች ወደ አንዱ ወረዱ፤ ከዚያ ባርሴሎና። ታላቅየው ቤቱን ወርሰው ከሰሉን ይዘው ቀሩ። ከሰሉ ሲሞት እሳቸውም በሩን ቆልፈው ወረዱ።

እኔ ደግሞ የኛን ነገርኩት። በኛ አገር ርስት ለሁሉም ነበር፤ ወንድ ሴት ሳይባል፣ በእናትም በአባትም። ታላቅ ስለሆነ ሁሉን ጠቅልሎ የሚወስድ የለም። እናቴ ሴት ሆና ከወንድሞቿ ጋር ተሟግታ ድርሻዋን ያገኘች ናት። ግን ሲከፋፈል ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ጥማድ በሬ የማያዞር ሆነ፤ ክርክሩም ዘመድን አቆራረጠ። በኛ አቆጣጠር በ1967 የካቲት መሬቱ የመንግሥት ሲባል ነገሩ ተዘጋ። ባልሽ «ታዲያ የማን ይሻላል?» አለኝ። እኔ እንጃ! እነሱ ለአንዱ ሰጥተው፣ እኛ ለሁሉም ሰጥተን፣ የሁለታችንም ልጆች ከተማ ገቡ። አንቺም ከዚያው ነሽ።

ስለዚህ ልጄ፣ «ጸጥ ያለ ነው» ብለሽ ለሰው ስታወሪ ይህን እያሰብሽ ይሁን። በዤት ጸጥ ብላ የተፈጠረች አይደለችም። ያ ሸለቆ የመጥረቢያ፣ የበቅሎ፣ የልጆች ጩኸት የነበረበት ነው። ቤቱን ከገዛችሁ ለቅዳሜና እሁድ መዝጊያ የምትከፍቱ ከሆነ አልመርቅም፤ የተዘጋ መስኮት እዚያ ሞልቷል። ለመኖር ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ጫጫታ ይዛችሁ ትገቡ። ልጅሽ ድልድዩ ላይ ስትጮህ ያቺ ቁልፍ የያዙ አሮጊት የሚቆጡ አይመስለኝም።

ለመኖር ከሆነ ደግሞ የምጠይቅሽ አለኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትሄደው ካምፕሮዶን ነው? ያን መንገድ በረዶ ሲይዘው ማን ያደርሳታል? ሆስፒታሉን ትለቂያለሽ ወይስ እየተመላለስሽ ነው? ሌሊት ታሞ የሚጠራሽ ጎረቤት ቢኖር፣ ነርስ መሆንሽን አንዴ ካወቁ እንደሚጠሩሽ እወቂ፤ እሱ ደስ ይበልሽ እንጂ አይክበድሽ። ደግሞ ካታላንሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ በስፓኒሽ ብቻ ባርሴሎና ይገፋል፣ እዚያ ግን ሽማግሌዎቹ ቀልዳቸውን በካታላን ነው የሚቀልዱት፤ ቀልዳቸውን ካልሰማሽ ሁልጊዜ እንግዳ ነሽ። ቤቱ የትኛው እንደሆነ አላሳየኝም፤ ከጅረቱ በላይ በኩል ያለው ከሆነ ግን ፀሐይ ቶሎ ትርቀዋለች፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጥላ ውስጥ ነበር። በታኅሣሥ ሄዳችሁ እዩት እንጂ ፀሐይ በሚበረታበት በነሱ በጋ አይታችሁ አትፈርሙ።

ከአሮጊቷ ጋር የተነሣነውን ፎቶ በወረቀት አሳትመሽ ስጫቸው፤ ስልክ ላይ መላክ አይሆንም፣ ስልካቸው ቁልፍ የሚጫኑበት ነው። ለምንጣፉም አመስግኚልኝ። በርበሬውንና ሽሮውን በመጪው ወር በሚመጣው የአክስትሽ ልጅ እልካለሁ፤ ሻንጣው ሞላ እንዳይል አስቀድመሽ ደውይለት።

እናትሽ፣ ከባሕር ዳር